በካርዱ ላይ ያልተጻፈው ሙያ፦ ስለ ወለቃ ሸክላ ሠሪዎች

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጭ የሆነ ርዕስ ምረጪ፤ ስለ በሽታ ዓመቱን ሙሉ ስንሰማ ነው የምንከርመው» ብለውኛል። እሺ ብዬ ስለ ሸክላ መረጥኩ። ግን ሐኪም መቼም ሐኪም ነው፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ካርድ ክፍል መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ግማሹን ለአዘጋጆቹ፣ ግማሹን ለሙያዬ አድርጋችሁ ስሙኝ።

ወለቃን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ ከተማው እንዳለቀ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚገኝ መንደር ነው። ለቲም ትሬኒንግ ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ የሄደ ሁሉ በመኪና መስኮት አይቶታል፦ የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ጎጆዎች፣ በመንገዱ ዳር ሸክላ የተደረደረባቸው መደቦች፣ «ግዙን» እያሉ የሚሮጡ ልጆች። ብዙዎቻችን አንዲት ትንሽ የሸክላ አንበሳ ገዝተን ቤታችን አስቀምጠናል። አንበሳዋን የሠራችው ሴት ማን እንደሆነች ግን የጠየቅን ጥቂት ነን።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረ። በታሪክ እንደተጻፈው ቤተ እስራኤሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ከደረሰባቸው ሽንፈት በኋላ የርስት መብታቸውን አጡ። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ከመሬቱ አፈሩን ወስዶ ዕቃ ይሠራበታል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ደግሞ ከተማዋ ስትገነባ በግንበኝነትና በአናጢነት ተሠማርተዋል። ዛሬ ለእንግዳ እየጠቆምን የምንኮራበት የፋሲል ግቢ የእነሱም እጅ አለበት።

ምስጋናው ግን ስድብ ሆነ። ገበሬው ማረሻውን ከባልየው፣ እንስራውን ከሚስትየው ይገዛና፣ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ «እነዚህ እኮ ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ሆነው ይዞራሉ» ይላል። ሃጋር ሳላሞን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ቤተ እስራኤሎችና ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ባሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ ላይ «የጅብ ሰዎች» የሚለውን ስም ያስገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ ደግሞ በቤተ እስራኤል ብቻ አላበቃም። እጁን በጭቃና በእሳት የሚያስገባ ሰው ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይህ ስም ይከተለዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል። ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም።

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተሻገሩ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወለቃም ከቀድሞ ነዋሪዎቿ ባዶ ሆነች። ሙያው ግን አብሮ አልጠፋም። ጭቃ ሲያቀብሉ፣ ኩበት ሲለቅሙ፣ በዓይናቸው ሲማሩ የኖሩ ክርስቲያን ጎረቤቶች ተረከቡት። ሙያውን ሲረከቡ ስሙንም አብረው ተረከቡ።

ከእነዚህ ከተረከቡት አንዷ ናቸው ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው። ስማቸውን አልጠራም። ራሳቸውም «ስሜን ተይው እታለም፣ ዕቃዬን አሳይልኝ» ብለውኛል። እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። መጀመሪያ የተዋወቅነው በወገብ ሕመም ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከታካሚና ከሐኪም ይልቅ የደንበኛና የሻጭ ወዳጅነት ሆነ። ይህን ሁሉ የምናገረው በፈቃዳቸው ነው።

እማማ የጀመሩት በልጅነታቸው፣ ከአንዲት ቤተ እስራኤል ጎረቤት ዘንድ ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ሥራ ገል መፍጨት ነበር። ለምን ገል? የተሰበረው ሸክላ ይወቀጥና፣ ይነፋና ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቦካል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ገሉ ግን አንድ ጊዜ እሳት ስላየ ዳግመኛ አይሸማቀቅም፤ ውስጥ የቀረውም ውሃ በእንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ያገኛል። እማማ ይህን የሚያስረዱበት መንገድ ከእኔ ይሻላል፦ «መከራ ያየ ሲጨመርበት ነው አዲሱ የሚጠና።»

በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ የሚሽከረከር መንኮራኩር የላትም። ጭቃውን እንደ ገመድ ታንከባልላለች፣ ዙሪያውን እየጠመጠመች ወደ ላይ ታሳድጋለች፣ በእጇና በቅል ስባሪ ታስተካክላለች። ሲጠና በወንዝ ጠጠር ትፈትገዋለች፤ ያ ብርሃን የሚመስለው ልስላሴ ቀለም አይደለም፣ የጠጠር ሥራ ነው። ከዚያ ሜዳ ላይ በኩበት፣ በጭድና በእንጨት ይተኮሳል። እሳቱ አየር ካገኘ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ቀይ ያወጣል። ዕቃው እንደጋለ በኩበትና በጭድ ታፍኖ አየር ሲከለከል ደግሞ ጭሱ ገላው ውስጥ ይገባና ጥቁር ይሆናል። ቀዩና ጥቁሩ ወጭት ከአንድ ጭቃ ነው የሚወጡት፤ የሚለያያቸው የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ናት።

እማማ ለብዙ ዓመት የሠሩት ሁሉም የሚሠራውን ነው፦ ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት፣ እንስራ። ከ1983 በኋላ ቱሪስት ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ምስል አዞሩ። የሰሎሞንና የንግሥት ሳባ አልጋ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ኮከብ ላይ የተቀመጠ አንበሳ። ይህ የቀድሞዎቹ የወለቃ ሴቶች የጀመሩት ሥራ ነበረ፤ ገበያው ስለነበረ ቀጠለ። ጥሩ ይሸጥ ነበር። እማማ ግን ሰለቻቸው። «አንበሳ ይሸጣል፤ ግን አይቀዳም፣ አይፈላበትም» ይላሉ። ዕቃ ሠሪ ናቸውና ዕቃው ሥራ እንዲሠራ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ሁለቱን አገናኟቸው። ምስሉን ከዕቃው ላይ አወጡት። የወጭቱ ክዳን እጀታ ዶሮ ሆነች፤ ዶሮ ወጥ ነዋ የሚቀርብበት! እጣን ማጨሻውን እንደ ፋሲል ግንብ አድርገው ሠሩት፤ ከሰሉ ከታች ይገባል፣ ጭሱ በግንቡ መስኮቶች ይወጣል። ጀበናውን ደግሞ፣ ጭቃው ግማሽ ሲደርቅ፣ ሆዱን በመዳፋቸው ከአራት በኩል ገፋ ገፋ አድርገው ድቡልቡልነቱን ሰበሩት። አንገቱ ላይ በእሾህ የጥልፍ መስመር ወረዱበት፤ ከቀሚስ ጥለት የወሰዱት ነው።

ጎረቤት ሳቀባቸው። «ይህ ጀበና ታመመ እንዴ? ሐኪም ቤት ውሰጂው» ያሏቸው አሉ። እሳቸው ግን ለማሳመር ብለው ብቻ የነኩት ነገር የለም። ሆዱ የተገፋው ጀበና በእጅ ሲያዝ አይንሸራተትም። ታቹ ድቡልቡል ሆኖ የቀረው ከሰል ላይ እሳቱን እኩል እንዲያገኝ ነው፤ ሲወርድ ማቶት ላይ ይቀመጣል። አፉን በውሃ ሳይፈትኑ አይሸጡም፤ ከቀዱ በኋላ ጠብታ በአንገቱ የሚወርድ ከሆነ ይሰብሩታል። የተሰበረው ደግሞ ገል ይሆናል፣ ይፈጫል፣ ወደ ጭቃ ይመለሳል። ቆሻሻ የሚባል ነገር የሌለበት ሥራ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው በሌላው ዓለም አርቲስት ይባላል። በእኛም አገር ማሞ ተሰማ አሜሪካ፣ አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሴራሚክስ ተምሮ ሲመለስ ሠዓሊና ቀራጺ ከሚባሉት ጋር ስሙ ተጠርቷል፣ በብሔራዊ ሙዚየምም አገልግሏል። ይገባዋል። ግን ለእማማስ? ዲፕሎማው ያለው «ሴራሚስት»፣ ዲፕሎማው የሌላት «ቡዳ»? ጭቃው እኮ አንድ ነው።

ኮቪድ መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያም መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ዘመን ሆነ። ቱሪስት ቀረ። አንበሶቹ መደብ ላይ አቧራ ጠጡ። በዚያን ጊዜ በምስል ብቻ የሚኖሩ ቤቶች ክፉኛ ተጎዱ። እማማ ያለፉት በጀበናና በምጣድ ነው። «ቱሪስት ቢቀር ቡና አልቀረም» አሉኝ። ልብ በሉ፣ ዛሬ በየቤታችን ባለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የሚሰፋው ሸክላ ራሱ ከእንዲህ ያለች ሴት እጅ የወጣ ነው። መብራቱን ከግድብ እናመጣለን፤ እንጀራው የሚበስለው ግን አሁንም በጭቃ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ካርድ ክፍል ደረስን።

በሠራሁባቸው የጤና ተቋማት ሁሉ፣ ከዚህ መንደርም ሆነ ከሌላ ቦታ የመጣች ሸክላ ሠሪ ካርድ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ የማገኘው ቃል አንድ ነው፦ «የቤት እመቤት»። አንዳንዴ መዝጋቢው አይጠይቅም። አንዳንዴ ይጠይቃል፣ እሷ አትናገርም። ለምን ትናገር? ወረፋ ላይ የተቀመጡት ይሰማሉ። አጠገቧ ልጇን ያቀፈች እናት ካለች ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች። እኔ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

ታዲያ «የቤት እመቤት» ተብሎ ሲጻፍ ምን ይቀርብናል? ብዙ ነገር። ደረቅ ገል ሲወቀጥና ሲነፋ የሚነሣው አቧራ ሲሊካ አለበት። ለዓመታት ሲተነፈስ ሳንባን ያጠነክራል፤ የሲሊካ ጉዳት ያለበት ሳንባ ደግሞ ለቲቢ በቀላሉ ይጋለጣል። ሳል ይዛ የመጣችን ሴት ሥራዋን ካላወቅን አክታ መርምረን «ነጻ ነሽ» ብለን እንሸኛታለን። በሁለት ወሩ ትመለሳለች። በኩበት ጭስ ላይ ተደፍቶ መዋል አለ። መሬት ላይ ተቀምጦ ጎንበስ ብሎ መዋል የሚያመጣው የወገብ ሕመም አለ። ጭቃ ማሸትና በጠጠር መፈተግ የሚያመጣው፣ ሌሊት ጣት የሚያደነዝዝ የእጅ አንጓ ሕመም አለ። ቃጠሎ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ልናገኘው እንችላለን፦ «እማማ፣ ሥራዎ ምንድነው?» ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በር ዘግቶ መጠየቅ።

መድኃኒቱም ሁልጊዜ ከፋርማሲ አይደለም። ገሉን ከመውቀጥ በፊት በውሃ ማርጠብ አቧራውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። እማማ ይህን ስነግራቸው «እርጥቡ ወንፊት አያልፍም» ብለው ተከራከሩኝ። ትክክል ናቸው። ተነጋግረን፣ ሲወቀጥ እርጥብ እንዲሆን፣ የሚነፋው ደግሞ ውጭ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፣ አፍና አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ እንዲሆን ተስማማን። ነጠላ ጥሩ ማስክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያለው እሱ ነው። ለወገባቸው ደግሞ ሥራውን ከመሬት ወደ ዱካ ከፍ አደረግነው። አሁን ቀና ብለው ነው የሚጠመጥሙት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ልጅ፣ በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ፣ በድንገት ራሱን የሳተ ወጣት፣ ሰፈሩ «ቡዳ በላው» ሲል ሁለት ሰዎች ይጎዳሉ። አንደኛው ታማሚው ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት የነበረበት ሰዓት «የበላውን» ለማስለፍለፍ ይባክናል። ወባ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም፤ ይህን ለጎንደር ሐኪም መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛዋ ተጎጂ «በላች» የተባለችው ሴት ናት። እሷ ካርድ የላትም። ግን ከገበያ ትቀራለች፣ ከለቅሶ ትቀራለች፣ ከዚያ ልጇ ሲታመም ወደ እኛ መምጣት ትፈራለች። በመንገድ ላይ የሚያገኟትን ዓይኖች ትፈራለች።

ማንንም ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው። ጸበል የሚሄደውን ሕመምተኛ «ጸበልህንም ያዝ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» ብሎ ማከም ሁላችንም የተለማመድነው ነው። እዚህ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ በሽታውን በስሙ ጠርቶ፣ ለቤተሰቡ፣ ከተቻለም ለጎረቤቱ፣ «ይህ ወባ ነው፤ ያመጣችው ትንኝ ናት፤ ሰው አይደለም» ብሎ በግልጽ መናገር። የሐኪም ቃል በዚያ ሰዓት ከመርፌ እኩል ነው።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ? የእማማ የልጅ ልጅ ኮሌጅ ትማራለች። የት እንደሆነ አልናገርም። ክረምት ስትመጣ ገል ትፈጫለች፣ እጇም ከአያቷ የወጣ ነው፤ በእሾህ የምትስለው ጥልፍ እንዲያውም ይበልጣል። ጓደኞቿ ግን አያውቁም። አንድ ቀን አያቷ ጀበና ይዘውላት ሊሄዱ ሲነሡ «እማማ፣ ጀበናውን አምጪልኝ፤ አንቺ እንደሠራሽው ግን አትናገሪ» አለቻቸው። እማማ ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። «እውነቷን ነው» ብቻ አሉ። ያቺ ልጅ ሙያውን ትታ ነርስ ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ነርስ ያንሰናል። ትታው የምትሄደው አፍራ ከሆነ ግን ያን ጊዜ የሞተው የእሷ ሙያ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ትምህርት ነው የሞተው።

ይህ ተቋም እኮ የተመሠረተው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954፣ በደምቢያ በኩል ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ላይ ሠልጥነው ገጠር እንዲወጡ ታስቦ ነው። የሕክምናው ትምህርት ቤት እንኳ የመጣው ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከሐኪም በፊት ውሃና መጸዳጃ ቤት ነበር የዚህ ግቢ ትምህርት። እና ውሃ ስንል ዕቃ ማለታችን ነው።

በምዕራብ ኬንያ፣ በኒያንዛ፣ የሴቶች ማኅበራት የሚሠሩት የውሃ ማሰሮ አፉ ጠብቦ፣ ክዳንና ቧንቧ ተጨምሮለት፣ ከክሎሪን ጋር በየቤቱ እንዲገባ ተደርጓል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እጅና ጣሳ የማይገባበት ዕቃ ውሃውን አያቆሽሽም፤ ሸክላው ደግሞ ውሃ እያላበው ስለሚያቀዘቅዝ ሰው ይወደዋል። ይህን ለእማማ በወረቀት ስዬ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ቀዳዳው ዙሪያ ካልወፈረ እሳት ላይ ይሰነጠቃል» አሉ። ሦስት ሠሩ። ሁለቱ ተሰነጠቁ። ሦስተኛው፣ ቀዳዳው ዙሪያ ከንፈር የመሰለ ውፍረት የተጨመረበት፣ አሁን ቤቴ ውስጥ ውሃ ይዟል። ከንፈሩ ዙሪያም ሳይጠየቁ ጥልፍ ወርደውበታል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የሥራ ታሪክ ሲጽፉ «የቤት እመቤት» የሚለውን ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ «ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች?» በሏቸው። የቲም ትሬኒንግ ተማሪዎችን የምትመሩ፣ አንድ ቡድን ስለ ውሃ ዕቃ ከሸክላ ሠሪዎች ጋር እንዲሠራ አስቡበት፤ ወለቃ ቅርብ ነው፣ ሴቶችን ሸክላና ሽመና የሚያሠለጥን ማዕከልም እዚያው አለ። ከውጭ የመጣችሁ ደግሞ ስትመለሱ ለቤታችሁ ጀበና ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲሱን ሳታሟሹ ቡና እንዳታፈሉበት ብቻ። እንግዳም ሲጠይቃችሁ «ገዛሁት» ብቻ አትበሉ፤ «ወለቃ ያለች አንዲት ባለሙያ የሠራችው ነው» በሉ። ያቺ ኮሌጅ ያለች ልጅ አንድ ቀን ይህን ከሌላ ሰው አፍ መስማት አለባት።

ዕቃዎቹ በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛው ላይ አሉ። ዋጋቸው ተጽፎባቸዋል፤ እባካችሁ አትከራከሩ። የግንቡን ማጨሻ የምትወስዱ ሰዎች፣ ከሰሉ ከታች በኩል ነው የሚገባው።